የሞተ ማሽን ትኩሳት

«አባዬ እኮ እትዬን ሥራ ቦታ አያውቃትም» አለች ልጁ ለጎረቤት ልጅ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ክር እያሰረች። «ቤት ግን ያውቃታል።» ጓደኛዋ እንዲህ ያለ ነገር በየቤቱ ያለ ይመስል «እሺ» አለቻትና ስለ አስተማሪያቸው አዲስ መነጽር ማውራት ቀጠሉ። አባትየው በሩን በግማሽ ከፍቶ፣ በአንድ እጁ የመኪና ቁልፍ በሌላው ቦርሳ እንደያዘ፣ ባለበት ደርቆ ቀረ። ልጅቷ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ አይታ፣ ራሷ ደምራ የደረሰችበት ነው። ሊቆጣት አሰበ፤ በምን ምክንያት እንደሚቆጣት ግን አጣ። የተናገረችው እንዳለ እውነት ነበር። ጉሮሮውን ጠራርጎ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሏቸው በመካከላቸው ተሻግሮ ወረደ።

ታላቅ እህቱ በዚያው አፓርታማ፣ ከኩሽናው ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ትኖራለች። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ከተጣለ የመሣሪያ ሳጥን ራሷ የሠራችው ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት፤ በንጽሕና ግን ከቤቱ ሁሉ የሚወዳደራት የለም። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ ነው፤ እሱ የምህንድስና ክፍል ኃላፊ፣ እሷ የመሣሪያ ክፍሉ ባለ ፈረቃ ቴክኒሻን። ሆኖም በየማለዳው ከእሱ ሠላሳ ደቂቃ ቀድማ ትወጣለች፤ ሁለት አውቶቡስ ትቀያይራለች፤ የአውቶቡሱ ዋጋ ደግሞ በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት ጊዜ ጨምሯል። እሱ በመኪናው ፌርማታዋን ሲያልፍ እሷ አስፋልቱን፣ እሱ የትራፊክ መብራቱን ያያሉ። ነገሩን ያመጣው እሱ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ «እትዬ፣ ሰው በዘመድ ተሠራ እንዳይለን፣ እዚያ እንደማንተዋወቅ እንሁን» አላት። የሚጋሩት እናት እንጂ አባት ስላልሆነ የአባት ስማቸው ይለያያል፤ ለመደበቅ አላስቸገረም። እሷ ያን ጊዜ ሳህን እያጠበች ነበር። «ይሁን» አለች፤ ሳህኑን አጥባ ጨረሰች፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተነሥቶ አያውቅም። ቤት ውስጥ «ጩጬ» እያለች የምትጠራውን የአርባ አራት ዓመት ሰው ሥራ ቦታ «እርስዎ» ትለዋለች፤ እሱም «እርስዎ» ይላታል። ኮሪደር ላይ ሲገናኙ ሁለቱም ጨዋነቱን ከማብዛታቸው የተነሣ፣ ለሚያውቅ ሰው ቢሆን ሆድ የሚያስይዝ ሳቅ ነበር።

ያ ቀን ደግሞ ተራ ቀን አልነበረም፤ ጣቢያው የትኛውን ሶፍትዌር እንደሚገዛ የሚቆረጥበት ነው። ጣቢያው ስድስት ቻናል ወደ ሳተላይት ይልካል። ምድር ቤት ባለው የመሣሪያ ክፍል ከዘጠኝ የተለያዩ ፋብሪካዎች የተገዙ ማሽኖች ተደርድረዋል፤ ሲግናሉን የሚያጎላው ከአንዱ፣ የሚጨምቀው ከሌላው፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽ የሚያዞረው ከሦስተኛው የመጣ ነው። ሁሉም የየራሱ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስላለው ባለ ፈረቃዎቹ ፊት አሥራ አንድ ስክሪን ተገትሯል፤ እያንዳንዱም በየራሱ ድምፅ ይጮኻል። ጩኸቱ ሲያማርራቸው ሠራተኞቹ ስፒከሮቹን በፕላስተር ደፍነዋቸዋል። ከአምስት ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስድስቱም ቻናል ለአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጠፋ። በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃዎች አሥራ አንዱም ስክሪን እንደ ለመለመ ሜዳ አረንጓዴ ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ተበሳጭተው «ሁሉንም ማሽን ባንድ ላይ የሚያይ፣ ከአንድ ቦታ የሚያዝ አንድ ሶፍትዌር ይገዛ» ብለው አዘዙ። ሰባት ድርጅቶች ተወዳደሩ፤ ሁለት ቀሩ። የአንደኛው ስክሪን በቀለምና በሚሽከረከር ምስል የተሽሞነሞነ ስለሆነ ሠራተኛው «ሙሽሪት» አለው። ሁለተኛው ግራጫ በጥቁር የተጻፈ ዝርዝር ብቻ ነው፤ እሱ «ባልቴቷ» ተባለ። በኮሪደሩ ወሬ ውድድሩ ያለቀ ነበር። ሙሽሪት እያለች ባልቴት የሚመርጥ ማን አለ?

እህትየውን ደግሞ «ጆሮ» ይሏታል። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ወደ ጣቢያው የገባችው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። የመሣሪያ ክፍሉን ወለል ስትወለውል የእያንዳንዱን ማሽን ማራገቢያ ድምፅ ለየች፤ ከዚያ ብየዳ ተማረች፤ ከዚያ በማታ ትምህርት ሰርተፊኬት ያዘች፤ በዚያችው ደመወዝ ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ምህንድስና አስተማረች። ዛሬም ፈረቃዋን ስትቀበል መጀመሪያ ለማንም ሰላምታ አትሰጥም። በሩ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ትቆማለች፣ ታዳምጣለች። «ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ያለው ማራገቢያ ሳምንት አይከርምም» ካለች አይከርምም። በዚያች ቅዳሜም ከምሳ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ «አንድ ሰው ጎድሏል» ያለችው እሷ ነበረች። ባልደረቦቿ ስክሪኑን አይተው «ሁሉም ደህና ነው፣ ይኸው አረንጓዴ» ሲሏት መልስ ሳትሰጥ ሄዳ ዋናውን ማጉያ በእጇ ነካችው፤ ቀዝቅዟል። ተጠባባቂውን በእጇ አበራችና ጣቢያው ተመለሰ። በሪፖርቱ ላይ «ችግሩ በቴክኒክ ክፍሉ ርብርብ ተፈቷል» ተባለ። ሪፖርቱን የጻፈው ወንድሟ ነው። የግዢ ኮሚቴው ሲቋቋምም ባለ ፈረቃዎቹ ባንድ ድምፅ የእሷን ስም ጽፈው ላኩ፤ እሱ ስሟን ሰርዞ ጎኑ ላይ «ዲግሪ የላትም» ብሎ ጻፈ። ሰው ለዘመዱ እንዳያደላ ሲጠነቀቅ በዘመዱ ላይ ሲያደላ ማየት የፈለገ እሱን ይይ። በባዕድ ላይ የማያደርገውን በእሷ ላይ አደረገና ፍትሕ የሠራ መሰለው።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስቱ የኮሚቴ አባላት ከመሣሪያ ክፍሉ ጎን ባለችው ባለ መስታወት ክፍል ተሰበሰቡ። ሰብሳቢው እሱ ነው። ቀኙ ላይ ምክትል ሥራ አስኪያጁ፣ ግራው ላይ የፋይናንስ ኃላፊው፣ ፊት ለፊት የሕግ ክፍል ኃላፊዋና የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ተቀመጡ። ሁለቱ ሶፍትዌሮች ለሙከራ ያህል ባለፈው ቀን ከተጠባባቂው ማጉያ ጋር ተገናኝተዋል። ማጉያው ያለበት መደርደሪያ የሚከፈተው በቁልፍ፣ ቁልፉም ያለው በባለ ፈረቃው እጅ ስለሆነ፣ እህትየው በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ግራጫ የሥራ ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ። ወንበር ያቀረበላት አልነበረም። ወንድሟ አንድ ባዶ ወንበር አይቷል፤ ቦርሳውን አስቀመጠበት።

የሙሽሪት ሻጭ ሰማያዊ ሱፍ የለበሰ፣ አንደበቱ የሚጣፍጥ ሰው ነው። ስክሪኑን ሲያበራው የፋይናንስ ኃላፊው ሳይታወቀው «እሰይ!» አለ። ዲሹ እዚያው ስክሪን ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ሲግናሉ እንደ ወርቅ ክር ከምድር ወደ ሳተላይት ሲወጣ ይታያል፤ እያንዳንዱ ማሽን ሙቀቱንና ጉልበቱን በአረንጓዴ ቁጥር ይናገራል። ተጠባባቂው ማጉያ አርባ አንድ ዲግሪ ነበር። «አንድ ሰው ቤቱ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ ጣቢያውን ሁሉ መጠበቅ ይችላል» አለ ሻጩ፤ ምክትል ሥራ አስኪያጁም «ይኸው! ዘመን ማለት ይህ ነው!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። የባልቴቷ ሻጭ ግን ደልደል ያለች፣ ማጠፊያው የተሰበረ ላፕቶፕ በክንዷ ደግፋ የምትይዝ መሐንዲስ ናት። ግራጫ ዝርዝሯን ገልጣ፣ ማሽኖቹን አንድ በአንድ አስገብቶ ለማስተካከል ሦስት ወር እንደሚፈጅ፣ መልኩም እንደማያምር በግልጽ ተናገረች። ምክትሉ አፋቸውን በእጃቸው ከልለው አዛጉ።

በዚህ ጊዜ ከበሩ አጠገብ «አንድ ነገር መጠየቅ ይቻላል?» የሚል ድምፅ መጣ። ምክትሉ ዞር ሳይሉ «ጥያቄ የኮሚቴው አባላት ነው» አሉ። ሁሉም ሰብሳቢውን አየው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ፊቱ ያለውን ወረቀት አየ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልነበረም። ወንድም እህቱ ስትዋረድ ወረቀት ሲያነብ ዓመት የሚያህል ደቂቃ አለፈ። እሷ «ይቅርታ» አለችና ቁልፉን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረችው። ኮሚቴው ከምሳ በኋላ ሊመለስ ተነሣ። እሱ ግን ደረጃ ላይ የሰማው የልጁ ድምፅ ከጆሮው አልወጣ ብሎ፣ የምሳ ሰዓቱን ምግብ በሹካ ሲያገላብጥ ጨረሰው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው በማይሄድበት በጄኔሬተሩ በኩል ባለው ደረጃ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አይቶ ጠበቃት። የውሃ ጠርሙሷን ይዛ ስትመጣ አገኛት።

«ምን ልትጠይቂ ነበር?»

«ተወው፣ አለፈ።»

«እትዬ፣ ንገሪኝ።»

እህትየው ፊቱን ስታየው እንደ ልጅነቱ ከንፈሩን እየነከሰ ነው። ሳቅ አለች። «ያቺ ቅዳሜ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ማሽኑ ብቻ አይደለም የሞተው። ከማሽኑ ለስክሪኑ ወሬ የምታመላልሰው ኬብል ቀድማ ሞታለች። ስክሪኑ አዲስ ወሬ ሲያጣ፣ አሮጌውን ወሬ ይዞ አረንጓዴ ሆኖ ተቀመጠ። ይኼ ሻጭ ያመጣውም እንደዚያ ቢሆንስ? የማሽኑን ኬብል ልንቀልና ምን እንደሚል ልስማው ነው ያልኩት። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሲያውቅ አውቃለሁ ማለትማ ማንን ያቅተዋል?»

እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ። ግዢው ሦስት ኮሚቴ፣ ሁለት አማካሪ፣ ዘጠና ስድስት ገጽ የመስፈርት ሰነድ አልፏል፤ ሰነዱን ያዘጋጀው እሱ ነው፤ ከዘጠና ስድስቱ ገጽ አንዱም ይህን አይጠይቅም። «ከሰዓት በኋላ ትነቅያለሽ» አላት። «ሰው ምን ይላል?» አለችው። ቀድሟት ወጣ፤ እሷም እንደ ልማዷ ትንሽ ቆይታ ተከተለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ ሰብሳቢው ተነሣና «እሳቸው አንድ ሙከራ ያደርጋሉ፤ እኔ ፈቅጃለሁ» አለ። ምክትሉ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። እህትየው መደርደሪያውን ከፈተች፤ ከተጠባባቂው ማጉያ ጀርባ አንዲት ቀጭን ኬብል ነቀለችና ጫፏን ሁሉም እንዲያየው ወደ መስታወቱ ከፍ አደረገች። ከዚያ ማጉያውን ራሱን አጠፋችው። ሲጠፋ የሚያወጣውን የድካም ድምፅ በመስታወቱ ውስጥ እንኳ ሰሙት። ወደ ክፍሉ ተመልሳ ከሙሽሪት ስክሪን ፊት ቆመች። ማጉያው አረንጓዴ ነው። አርባ አንድ ዲግሪ። አንድ ደቂቃ ጠበቁ፤ አርባ አንድ ዲግሪ። የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋ። አራት ደቂቃ ሲሞላ የወርቁ ክር አሁንም ወደ ሰማይ ይወጣ ነበር። ባለ ሰማያዊ ሱፉ ሻጭ ከግንባሩ ላብ ጠረገ።

«ልጄ» አለችው፣ ቁጣም ፌዝም በሌለበት ድምፅ፣ «ማሽኑ ሞቷል። ያንተ ሰውዬ ግን እስካሁን ትኩሳቱን እየነገረኝ ነው።»

የሕግ ክፍሏ ሴት ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አፏን በመሐረብ ያዘች። ወደ ባልቴቷ ሲዞሩ፣ ከግራጫው ዝርዝር መካከል አንዷ መስመር ብቻ ተለይታ ደብዝዛ ነበር። አርባ አንዱ ቁጥር ከላይዋ ላይ ጠፍቷል። በቦታው የተጻፈው፣ ከዚህ መሣሪያ ከስምንት ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ጀምሮ ወሬ የለም፣ ያለበት ሁኔታ አይታወቅም የሚል ነው። ኬብሉ ከተነቀለ አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ነው የጻፈችው። እህትየው ጎንበስ ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሻጯን መሐንዲስ ቀና ብላ አየቻትና «የጻፈው ሰው ፈረቃ ሠርቶ ያውቃል» አለቻት። ሻጯ ፊቷ በራ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች፤ «ስምንት ዓመት ፈረቃ ሠርቻለሁ።» ባለ ሰማያዊ ሱፉም ቢሆን ጨዋ ሰው ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «እናቴ፣ ይህን ለመሥሪያ ቤቴ ልንገርልዎ፤ ይታረማል፤ ዛሬ ግን የለንም» አላት። ወንድምየው ቆሞ ያያታል። ያቺን ኬብል እንደ ክር መዞ ያወጣ እጅ፣ ያን ሻጭ ሳያሳፍር ያሸነፈ አንደበት የእህቱ ነው። በደስታ መጮህ አማረው፤ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ አያውቃትም።

ሻጮቹ ተሸኙ፤ እህትየው መደርደሪያዋን ቆልፋ ወደ ማሽኖቿ ተመለሰች፤ ኮሚቴው ሊወስን ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ምክትሉ ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሥርዓት የሚወዱ፣ ከሥርዓት የወጣ ነገር እንደ ጥርስ ሕመም የሚያማቸው ሰው ናቸው። ሙከራው በሰነዱ ላይ እንደሌለ፣ ሴትዮዋ የኮሚቴው አባል እንዳልሆነች፣ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የጣቢያውን መሣሪያ እንዳጠፋች አንድ በአንድ ቆጠሩ። ውጤቱ ከቃለ ጉባኤ ይውጣ፤ ለሴትዮዋም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት አሉ። ሰብሳቢው «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አለ። ምክትሉ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ባለ ፈረቃ ተነሥታ ኬብል ልንቀል ስትል እሺ ብለዋል። ለመሆኑ ይህችን ሴት ምን ያህል ያውቋታል?»

ጥያቄው ቀላል ነበር። በቀላሉ ማምለጥም ይቻል ነበር፤ በሥራ አውቃታለሁ፣ ጥሩ ሠራተኛ ናት ብሎ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። እዚያው የልጁ ድምፅ ቀደመው። ዝም ማለት እህቱን በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መሸጥ ነው፤ መናገር ደግሞ ሦስት ዓመት የደበቀውን ራሱ ማውጣት፣ ምናልባትም ወንበሩን ማጣት።

«አርባ አራት ዓመት» አለ። «እህቴ ናት። ታላቅ እህቴ። እኔን ሰው ያደረገችኝ እሷ ናት። ስሟን ከኮሚቴው የሰረዝኩትም እኔ ነኝ። ዲግሪ ስለሌላት አይደለም፤ ፈርቼ ነው።»

የፋይናንስ ኃላፊው እስክሪብቶውን ከፈተ፤ ከደነ። ምክትሉ «ዝምድና ደብቀዋል ማለት ነው?» አሉ፣ ከመገረም ይልቅ በማዘን። የሕግ ክፍሏ ሴት ግን ሳትናገር ተነሥታ ወጣች። ሲጠብቋት አምስት ደቂቃ ያህል ቆየችና ጫፉ የተበላ ቡናማ ፋይል ይዛ ተመለሰች። «አልተደበቀም» አለች። «ከሦስት ዓመት በፊት ተመዝግቧል።» ከፋይሉ አንድ ቅጽ አውጥታ ለሰብሳቢው አቀበለችው።

የዝምድና ማሳወቂያ ቅጽ ነው። ቀኑ እሱ በተሾመ በሦስተኛው ቀን ነው። ፊደላቱ ተራርቀው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተደክሞበት የተጻፈ፤ በትልቅነቷ ማታ የተማረች ሰው እጅ። ዝምድና በሚለው ፊት «ታናሽ ወንድም፣ በእናት» ይላል። ዝምድናው በሥራ ላይ አድልዎ ያስከትላል ብለው ያስባሉ ወይ በሚለው ሥር ደግሞ፣ «አያስከትልም። ለእኔ አያደላም። ልጁን ያሳደግኩት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።» ከሁሉ በታች፣ ቅጹ ምንም ባልጠየቀበት ባዶ ቦታ ላይ፣ አነስ አድርጋ፣ «እባካችሁ መሙላቴን እንዳትነግሩት፤ ይጨነቃል።»

ሁለተኛ ሊያነበው ሞከረ፤ ፊደሉ ተደበላለቀበት። እሱ ሊደብቃት ደፋ ቀና ሲል፣ እሷ አንድ ቀን «ደብቀሃል» ተብሎ እንዳይጠየቅ ስሙን ስትጠብቅ ኖራለች፤ ለዚያውም ውለታዋን ሳትነግረው። ያፈረውን ያህል አፈረ፤ ከእፍረቱ ሥር ግን እንዲህ ያለች እህት ያለችው መሆኑ ደረቱን ሞላው። የሕግ ክፍሏ ሴት ድምፅዋን አለስልሳ፣ መመሪያው የእህቱ ጉዳይ በሚታይበት እንዳይቀመጥ፣ በሙከራውም ላይ ድምፅ እንዳይሰጥ ያዛል አለችው። ሰብሳቢነቱን ለእሷ አስረክቦ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ያለችው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሯ አጭር ነው፤ ሲተነፍስ ትነቃነቃለች። ትንሽ ቆይቶ አራቱ አባላት ወጥተው፣ ሳያዩት፣ ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ሲመለሱም አላዩትም። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ የምክትሉ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ስለ ወንበሩ እንደማይጨነቅ ሲገባው ራሱን ታዘበ። ሐሳቡ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ነበር፤ ያቺ ኬብል ይዛ የቆመችው ሴት እውነት ይዛ ተሳስታለች ይባል ይሆን?

መጀመሪያ የወጣችው የሕግ ክፍሏ ሴት ናት። «ሙከራውን ራሳችን ደገምነው» አለችው። «ኬብሉን የነቀለው የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው ነው። እህትዎ ነካች እንዳትባል ሁለት እጇን ካፖርት ኪሷ ውስጥ ከታ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች። ውጤቱ ያው ነው። ባልቴቷ አራት ለዜሮ አለፈች። ማስጠንቀቂያ የለም። መሣሪያዎቹን የማስገባቱን ሥራ የሚመራ ሰው ይመደብ ሲባልም ምክትሉ የእህትዎን ስም ራሳቸው አስመዘገቡ።» ምክትሉ ኮታቸውን እየቆለፉ ተከትለው ወጡ፤ ሊያልፉት ሲሉ ቆሙና ከላይ እስከ ታች አዩት። «እኔ እንዲህ ያለች እህት ብትኖረኝ» አሉ፣ «ፎቶዋን በር ላይ እለጥፈው ነበር።» ብለውም ሄዱ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። የመሣሪያ ክፍሉን ከባድ በር ሲከፍተው ቀዝቃዛው አየርና የማራገቢያዎቹ ጩኸት ባንድነት ተቀበሉት። ሁለት ባለ ፈረቃዎች ከስክሪኖቹ ፊት ተቀምጠዋል፤ እሷ ከወዲያ ጫፍ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከአንዱ ማሽን ላይ አቧራ ታራግፋለች። ወደ እሷ መሄድ ሲገባው ከበሩ ላይ ቆሞ፣ ማራገቢያዎቹን በሚያሸንፍ ድምፅ፣ ሳንባው እስኪነዝር ተጣራ።

«እትዬ!»

ጨርቁ ከእጇ ወደቀ። ደንግጣ ዞረች፤ ዓይኗ ከእሱ ወደ ሁለቱ ባለ ፈረቃዎች፣ ከእነሱ ተመልሶ ወደ እሱ ሮጠ። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ፈጠን ብላ መጣችና በሹክሹክታ፣ «ቀስ በል እንጂ፣ አብደሃል? ሰው ይሰማል!» አለችው።

«ይስማ!» አለ።